እውነቱን ማግባት
(ለአማተር ተዋንያንና ለቴአትር ወዳጆች ከተደረገ የምሽት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዘግይታችሁ የገባችሁም ሰበብ ሳትደረድሩ ስለተቀመጣችሁ ተመስገን። ሰበብን በተመለከተ ትንሽ ቆይተን እናወራለን።

የዛሬው ጉዳዬ አንድ ተውኔት ነው። ኦስካር ዋይልድ የጻፈው "ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ቢዪንግ ኧርነስት"። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው በ1895 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እያንዳንዱን እየቀነስኩ አላደክማችሁም። ከዚያ ወዲህ ፊልም ሆኗል፣ ሙዚቃዊ ድራማ ሆኗል፣ ኦፔራም ሆኗል። አንዳንዱ ዝግጅት ሰውን እንባው እስኪወርድ ያስቃል። አንዳንዱን ደግሞ ሰዓት እያየን ነው የምንጨርሰው። ቃሉ ያው ቃል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ እድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ፈረንጆቹ ለዚህ ዓይነቱ ቴአትር የራሱ ስም አላቸው። ቃል በቃል ስንመልሰው "የሥነ ምግባር ኮሜዲ" ይሆንብንና የሰንበት ትምህርት ይመስላል። እኔ "የይሉኝታ ኮሜዲ" ብለው ይቀለኛል። ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ የሚኖር ህብረተሰብ ውስጥ፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም የማያውቅ ሲመስል የሚፈጠር ሳቅ ነው። ይሉኝታ የሌለበት አገር ይህን ተውኔት ምን ብሎ ይረዳው ይሆን? እኛ ግን ምስጋና ይግባን፣ የይሉኝታ እጥረት የለብንም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጃክ ዎርዚንግ የሚባል የተከበረ የገጠር ሰው አለ። ቤቱ ውስጥ ሴሲሊ የምትባል ወጣት በአሳዳጊነት ይዟል፤ ስለዚህ ጨዋ መስሎ መኖር አለበት። ለንደን ሄዶ ፈታ ማለት ሲያምረው "ኧርነስት የሚባል ዋልጌ ወንድም አለኝ፣ ደግሞ ችግር ውስጥ ገባ" ብሎ ይወጣል። ለንደን ሲደርስ ኧርነስት ራሱ ነው። ጓደኛው አልጀርነን ደግሞ ቡንበሪ የሚባል፣ በሽታ የማይለቀው ወዳጅ ፈጥሯል። የአክስቱ እራት ሲሰለቸው ቡንበሪ ይጠናበታል። ጃክ የአልጀርነንን የአክስት ልጅ ግዌንዶለንን ይወዳል፤ አልጀርነን ደግሞ "ኧርነስት ነኝ" ብሎ ገጠር ሴሲሊ ጋ ይሄዳል።

እኛ አገር ቡንበሪ የለም እንዳትሉኝ። የኛ ቡንበሪ ለቅሶ ነው። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ባልደረባችን አክስት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞተዋል። "ባለፈው አልተቀበሩም እንዴ?" ብሎ የጠየቀ የለም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል! ሦስቴም "ነፍስ ይማር" አልን። በሦስተኛው እንዲያውም ገንዘብ አዋጣን። አለቃችን በጣም አዝነው ነበር የፈረሙት። ያን ቀን የአለቃችንን ፊት ያየ ሰው የዋይልድን ተውኔት ማንበብ አያስፈልገውም።

ከተውኔቱ አንዲት ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። አልጀርነን አክስቱን ሌዲ ብራክኔልን ለሻይ ጠርቷል። ለእሳቸው ተብሎ የኪያር ሳንድዊች ተሠርቷል። እየጠበቀ አንድ ያነሳል፣ ሌላ ያነሳል፣ ሳህኑ ባዶ ይቀራል። አክስቲቱ ሲደርሱ አሽከሩን "ኪያሩ የት ሄደ?" ብሎ በድንጋጤ ይጠይቀዋል። አሽከሩ፣ ሌን ይባላል፣ ዓይኑን ሳያሽ "ዛሬ ገበያ ላይ ኪያር አልነበረም ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ" ይላል። "ኪያር የለም?" "የለም ጌታዬ። በጥሬ ገንዘብም ቢሆን።"

ሌንን ሲጫወት ፈገግ ያለ ተዋናይ አይቻለሁ። ተመልካቹ ዝም አለ። ሌን ፈገግ ካለ ነገሩ ሁለት ሌቦች የተንኮል ጥቅሻ የተለዋወጡ ይሆናል። ሌን ግን የጌታውን ፊት እያዳነ ነው። ሥራው ነው። በጥሬ ገንዘብም ቢሆን!

ወደ መጀመሪያው ምሽት ልውሰዳችሁ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1895፣ ለንደን፣ ሴንት ጄምስ ቴአትር። ውጭ በረዶ ይጥላል። ጆርጅ አሌክሳንደር የቴአትር ቤቱ አስተዳዳሪም ነው፣ ጃክን የሚጫወተውም እሱ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የቴአትር ሃያሲው በርናርድ ሾው ግን ሳቅኩ እንጂ አልነካኝም ብሎ ጻፈ። ሾው ምንም ነገር በቀላሉ አይዋጥለትም። የዚያን ቀን በር ላይ አንድ ሰው እንዳይገባ ተከልክሏል። የዋይልድ የቅርብ ወዳጅ የአልፍሬድ ዳግላስ አባት፣ ማርኪስ ኦፍ ኩዊንስቤሪ። መድረክ ላይ ሊወረውር የበሰበሰ አትክልት ይዞ ነበር የመጣው። አልተሳካለትም። በአራተኛው ቀን ዋይልድ በሚያዘወትረው ክበብ ስድብ የተጻፈበት ካርድ ትቶ ሄደ። ዋይልድ ከሰሰው። ክሱ ዞሮ በራሱ ላይ መጣ። ኤፕሪል 5 ታሰረ፣ ሜይ 25 ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት።

ተውኔቱ ምን ሆነ? ዋይልድ ከታሰረ በኋላም ሳምንታት ያህል መታየቱን ቀጠለ። ብቻ የደራሲው ስም ከፖስተሩና ከፕሮግራሙ ተፋቀ። ሰው መጥቶ ይስቃል፣ የማን ድርሰት እንደሆነ ያውቃል፣ አያነሳም። ይሄ ነው እንግዲህ። ስለ ይሉኝታ የተጻፈውን ተውኔት ይሉኝታ ስሙን ፍቃ አሳየችው። በ1899 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተምም የዋይልድ ስም ሽፋኑ ላይ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ላይ ሞተ።

አንድ ሌላ ነገር ላክል፤ ከጉዳዬ ትንሽ ያወጣኛል ግን ይሁን። ዋይልድ መጀመሪያ የጻፈው ባለ አራት ገቢር ነበር። አሌክሳንደር ጠይቆ ወደ ሦስት አሳጠረው። ከተቆረጠው ውስጥ ግሪብስቢ የሚባል የሕግ ሰው አለ። "ኧርነስት" ሳቮይ ሆቴል በልቶ ላልከፈለው 762 ፓውንድ ከ14 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ይዞ ሊወስደው ይመጣል። የሚወስደውም ሆሎዌይ እስር ቤት ነው። ዋይልድ ራሱ በዚያው ዓመት ፍርድ ሲጠብቅ የቆየበት እስር ቤት ማለት ነው። ሲጽፈው ቀልድ ነበር።

ፊልሞቹ ጋ ልምጣ። ትልቁ የ1952ቱ ነው፣ አንቶኒ አስኪዝ ያዘጋጀው። አሁን ልብ በሉ። ዋይልድ ሲከሰስና ሲፈረድበት የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የዚሁ አዘጋጅ አባት ናቸው። ልጅየው አድጎ፣ አባቱ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን የወደቀውን ሰው ተውኔት ፊልም አደረገው። አገር ቤት ቢሆን ስንት ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር።

ፊልሙ ሲጀምር ሰዎች ቴአትር ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ፕሮግራም ይገልጣሉ፣ መጋረጃው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ከሳሎኑ ብዙም አይርቅም። "ይሄ ፊልም ሳይሆን የተቀረጸ ቴአትር ነው" እያሉ የሚያጣጥሉት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይሉኝታ ክፍል ትፈልጋለች። አራት ግድግዳ፣ የሻይ ጠረጴዛ፣ ለመውጣት የሚያሳፍር በር። ሰው መሸሽ የሚችል ከሆነ ይሉኝታ ምን ሥራ አላት?

የ2002ቱን ስናይ ያልኩት ይገባችኋል። ኦሊቨር ፓርከር ነው ያዘጋጀው። ተዋንያኑ አንድ ለአንድ ምርጥ ናቸው፦ ኮሊን ፈርዝ፣ ሩፐርት ኤቨረት፣ ሪስ ዊዘርስፑን፣ ጁዲ ዴንች። ግን አዘጋጁ ሳሎኑ ጠበበው። አልጀርነንን ገጠር የሚያመጣው በፊኛ ነው፣ ሰማይ ላይ። ግዌንዶለን "ኧርነስት" የሚለውን ስም መቀመጫዋ ላይ ትነቀሳለች። አካበደው ማለት ነው። ግዌንዶለን እኮ የሚያስቀው ነገሯ፣ ፍቅር አናቷ ላይ ወጥቶ ሳለ የጓንቷ ቁልፍ እንኳ የማይፈታ መሆኑ ነው። ተነቅሳ ከመጣች በኋላ ምን የምትደብቀው ነገር ቀራት? ለፍርዱ ሚዛን እንዲኖረው ግን አንድ ነገር ላመስግን። የተቆረጠውን ግሪብስቢን መልሶ ያስገባው ይኸው ፊልም ነው።

አሁን ስለ ቦርሳው። ለዚህ ነው ግማሾቻችሁ የመጣችሁት መሰለኝ።

ሌዲ ብራክኔል የግዌንዶለን እናት ናቸው። ከዚህ በኋላ እትዬ ብራክኔል ብላቸው አይቀየሙኝም። ጃክ ልጃቸውን ይጠይቃል። እሳቸው ደብተርና እርሳስ ያወጣሉ። የኛ ሽማግሌዎች "የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ?" እያሉ ሰባት ቤት እንደሚያስቆጥሩት ማለት ነው። ሲጋራ ታጨሳለህ? አዎ። "ጥሩ፣ ወንድ ልጅ ምንጊዜም አንድ ሥራ ቢጤ ያስፈልገዋል።" ገቢ? በዓመት ከሰባት እስከ ስምንት ሺህ ፓውንድ። ይጻፋል። ቤት? ቤልግሬቭ ስኩዌር፣ ቁጥር 149። ያኛው ጎን ፋሽን አይደለም፣ ግን ይስተካከላል። ወላጆች? ሁለቱንም አጥቻለሁ። "አንዱን ማጣት መጥፎ ዕድል ነው ይባላል፤ ሁለቱንም ማጣት ግን ዝርክርክነት ይመስላል።" የማን ልጅ ነህ ታዲያ? አላውቅም፣ የተገኘሁ ልጅ ነኝ። የት? ቦርሳ ውስጥ።

"ቦርሳ?"

የእንግሊዝ ቴአትር ከዚህች ቃል ጋር ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲታገል ኖሯል። ኢዲዝ ኤቫንስ በ1939 ከጆን ጊልጉድ ጋር መድረክ ላይ፣ ኋላም በአስኪዝ ፊልም ቃሏን ጎትታ፣ ከታች አንስታ ወደ ላይ ሰቅላ አለቻት። ታላቅ ነው። ችግሩ፣ ከእሷ በኋላ ማንም በነጻነት ሊላት አልቻለም። ተመልካቹ አብሮ ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ቀድሞ ይላታል። ጁዲ ዴንች በ2002ቱ ፊልም ድምጿን ሳትጎትት ዝቅ አድርጋ አሳለፈቻት። ወንዶችም እትዬ ብራክኔልን ለብሰው ሞክረዋል። ብራያን ቤድፎርድ መጀመሪያ ካናዳ፣ ኋላ በ2011 ብሮድዌይ። ዴቪድ ሱሼ በ2015 ለንደን። ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ ተመልካቹ ገና ሳይናገር ስለሚስቅ እኔ ብዙም አልጓጓለትም፤ ሁለቱ ግን ቀሚሱን እንደ ሹመት ልብስ ነው የለበሱት፣ ስለዚህ ተዋጣላቸው። ለንደን ናሽናል ቴአትር በ2024 ባወጣው ዝግጅት ደግሞ ሻረን ዲ. ክላርክ እትዬ ብራክኔልን የካሪቢያን እናት አደረገቻቸው። በዚያው ዝግጅት ሩዋንዳ የተወለደው ንቹቲ ጋትዋ አልጀርነን ሆኖ፣ ሮዝ ቀሚስ ለብሶ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ነው ቴአትሩ የሚጀምረው። ያ መክፈቻ ለእኔ ትንሽ በዛብኝ። የክላርክ ግን ሌላ ነው። የልጇን ጠያቂ ከላይ እስከ ታች የምታይበትን ዓይን እኔ ቤት ውስጥ አውቀዋለሁ። የባለቤቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አንዴ ብቻ ናቸው የሞቱት።

ኦፔራውንም ልንካው። አየርላንዳዊው ጄራልድ ባሪ በ2011 ያቀረበው። እትዬ ብራክኔልን የሚዘፍነው ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው። ሁለቱ ሴቶች በጨዋ ደንብ የሚጣሉበት ቦታ ላይ 40 ሳህን ይሰበራል፣ በየተራ፣ በምት። ይሄ ደግሞ ማካበድ አይደለም ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለም፤ ሴቶቹ ፊታቸው አልተለወጠም። ሳህኑ ነው የሚጮህላቸው።

እዚህ ላይ ወደ አማርኛው ልምጣ። የውጭ ኮሜዲ ለአማርኛ መድረክ እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሞሊየርን በ"የፌዝ ዶክተር" እና በ"ታርቱፍ" አማርኛ አናግሮታል። እኔም ከወጣቶች ጋር ይህን የዋይልድ ሥራ በአማርኛ ለመሞከር ስንል የገጠመንን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ስሙ። "ኧርነስት" በእንግሊዝኛ ስምም ነው፣ ሲነገር ደግሞ የምር የሆነ፣ ሐቀኛ ማለትም ነው። ሁለቱ ሴቶች ስሙን ወድደው እንጂ ሰውዬውን አይተው አይደለም የሚያፈቅሩት። ሀንጋሪዎች ጽኑ ማለት የሆነ የወንድ ስም አላቸው፣ ሲላርድ፣ እሱን አደረጉት። ፈረንሳዮችም ኮንስታን የሚለውን ተጠቀሙ። እኛ እንዴት ብለን አንድ ሙሉ ከሰዓት ተጨቃጨቅን። "ታማኝ" ተባለ፣ "ሐቁ" ተባለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "እውነቱስ?" አለች። አለቀ። እውነቱ የምንጠራበት ስም ነው፣ ሰምና ወርቁም ሳንፈልገው መጣ። ግዌንዶለን "እኔ የማገባው እውነቱን ነው" ትላለች። ሴሲሊም "የለም፣ እውነቱን የማገባው እኔ ነኝ" ትላለች። ጃክ እውነቱን የደበቀው ሰው ነው። ዋይልድ ይህን ቢሰማ ይቀና ነበር።

ቀጥሎ የአባት ስም መጣ። እንግሊዞቹ ጋ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቦርሳውን ያገኘው ሰው ለሕፃኑ ዎርዚንግ የሚል ስም የሰጠው ኪሱ ውስጥ ወደዚያ ከተማ የሚወስድ የባቡር ትኬት ስለነበረው ነው። ያስቃል፣ ያልፋል። እኛ ጋ አያልፍም። የአባትህ ስም ማን ነው ሲባል "ባቡር ጣቢያ" የሚል ሰው ምን ይባላል? ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ የሳቀም ነበረ፣ ዝም ያለም ነበረ። ዝም ያለው ልጅ ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቅኩም። ቦታውን አልነካነውም፣ እንዳለ ተውነው።

ከዚያ አንቱታው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሁሉም "ዩ" ነው። እኛ ግን መሣሪያ አለን። እትዬ ብራክኔል ጃክን እስከ ቦርሳው ድረስ "እርስዎ" ይሉታል፤ ሰባት ሺህ ፓውንድ ያለው ሰው ነው። ከቦርሳው በኋላ "አንተ"። ኢዲዝ ኤቫንስ ድምፅዋን ሰቅላ ያመጣችውን እኛ በአንድ ፊደል አመጣነው። ሴቶቹ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ሲተዋወቁ ወዲያው "አንቺ" ይባባላሉ፣ እህትማማች ሆነናል ይላሉ። አንዱን እውነቱን ሁለታቸውም እንደሚያገቡ ሲያውቁ "እርስዎ" ይጀምራል። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሴት እኩያዋን ድንገት "እርስዎ" ስትል የሰማ ሰው በሩ የት እንዳለ ያያል።

የሻይው ትዕይንት ግን አስቸገረን። በዋይልድ ግዌንዶለን ስኳር አልፈልግም ትላለች፤ ሴሲሊ አራት ድፍን ስኳር ትከትባታለች። ልጆቹ ሲያነቡት "ጋሼ፣ ይሄ ስድብ ነው እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ቤት አራት ማንኪያ ስኳር ፍቅር ነው። ወደ ቡና ቀየርነው። እንግዳዋ ገና እንደተቀመጠች፣ አቦል ሳይሆን በረካ ተቀዳላት። ያውም ቀጥኖ ቀጥኖ የሲኒው ሥር የሚታይበት። መጀመሪያ የሞከረችው ልጅ ስትቀዳ ወደ ተመልካቹ ጠቀሰች። ሁለት ሰው ሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ "አትጥቀሺ፣ ሲኒውን በሁለት እጅሽ ስጫት" አልኳት። በሁለት እጇ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ ሰጠቻትና "ይጠጡ እንጂ፣ ምነው? ቡናችን አልተስማማዎትም?" አለች። ክፍሉ ፈረሰ። እንግዳዋ ልጅ ያን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጥታ "እጅዎ ይባረክ" ስትል እኔም መቀመጥ አቃተኝ።

የቀረው ቦርሳው ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ እጀታ ያለው የቆዳ ቦርሳ። መርካቶ ሄድኩ። ያሁኑ ቦርሳ ሁሉ ስልክና ሊፕስቲክ የሚይዝ ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬ አራተኛው ላይ ሻጩ "ምን ለመያዣ ነው ጋሼ?" አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር "ሕፃን ልጅ" አልኩት። ሰውዬው አልሳቀም፣ አልደነገጠም። ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን አወረደ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ፣ ከፍቶ ውስጡን ለካና ቀና ብሎ አየኝ።

"ዚፕ ያለው ይሁንልዎ የሌለው?"